ሄደ መጣ የሚለው ገመድ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግኩት ኬብል ተሰክቶ፣ የራውተሩ መብራት ቦግ ብሎ እየታየ፣ ኢንተርኔቱ ግን ሄደ መጣ፣ ሄደ መጣ ስለሚልበት ነገር ነው። ዋይፋይ ቢሆን ግድግዳው ነው፣ የጎረቤት ራውተር ነው ይባላል። ኬብል ግን… ኬብሉን እኮ የዘረጋነው እንዳይቆራረጥ ብለን ነው።

እኔ ጨርሶ የሞተ ዕቃ አያስጨንቀኝም። የሞተ ላን ካርድ፣ ኬብሉ የሚሰካበት የኮምፒውተሩ ክፍል ማለት ነው፣ ሞቷል፣ ይቀየራል፣ አለቀ። የሚቆራረጥ ዕቃ ግን ተንኮለኛ ነው። ባለሙያ ስትጠሩለት ይሠራል። ባለሙያው ሂሳቡን ተቀብሎ ደጅ ሲወጣ ይጠፋል። «ይኸው ይሠራል እኮ!» ተብላችሁ ትቀራላችሁ።

እኛ አገር ደግሞ ኢንተርኔት ሲጠፋ ተጠርጣሪው ቀድሞ የታወቀ ነው። «ኔትወርክ የለም» እንላለን፣ ጥፋቱ ከግቢ ውጭ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን ስልኬ ከዚያው ራውተር በዋይፋይ ቪዲዮ እያጫወተ ኮምፒውተሬ ብቻውን ሲቀር፣ ለማን ነው የምደውለው?

ኮምፒውተሩ ይህን ፖድካስት የማዘጋጅበት ዴስክቶፕ ነው፣ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ ሊኑክስ የተጫነበት። ሰው ሁሉ የሚመክረው ያው አንድ ነገር ነው፦ «ሪስታርት አድርገው።» እውነት ነው፣ ይመጣል። ግን ለምን እንደመጣ አታውቁም፣ ነገም ሲጠፋ እዚያው ናችሁ። ሊኑክስን የወደድኩበት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ራሱ ይመዘግባል። ከርነሉ፣ ማለትም ዕቃዎቹን ሁሉ የሚያዝዘው የሊኑክስ እምብርት፣ የሆነውን ከነሰከንዱ እየጻፈ ያስቀምጣል። ሄዶ መጠየቅ ብቻ ነው።

እና ሁለት ተርሚናል፣ ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት ማለት ነው፣ ከፈትኩ። አንዱ ላይ ጆርናል ሲቲኤል፣ ሰረዝ ኬ፣ ሰረዝ ኤፍ። ይህ ከርነሉ የሚለውን እየተከታተለ በዚያው ቅጽበት ያሳያል። ሁለተኛው ላይ ወደ ራውተሩ አድራሻ ፒንግ። ልብ በሉ፣ ወደ ጉግል አይደለም፣ ወደ ራውተሩ ነው። ፒንግ ከ1983 ጀምሮ ያለ አሮጌ መሣሪያ ነው፣ የሚጠይቀውም አንድ ነገር ነው፦ «አለህ?» ራውተሩ እየመለሰ ውጭው ዓለም ካልመለሰ ችግሩ ውጭ ነው። ራውተሩም ዝም ካለ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው።

ከዚያ ሥራዬን ቀጠልኩ። ፒንጉ ቆመ። ዞር ብዬ ሳይ ሌላው ተርሚናል ላይ ተጽፏል፦ «ሊንክ ኢዝ ዳውን።» ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ደግሞ «ሊንክ ኢዝ አፕ።»

ይቺ አንዲት መስመር ብዙ ነገር ትዘጋለች። ኢንተርኔቱ ጠፍቶ ከርነሉ ምንም ባይል ኖሮ፣ የአይፒ አድራሻ ጉዳይ ነው፣ አድራሻውን የሚያድለው ዲኤችሲፒ ነው፣ ወይም ከራውተሩ ወዲያ ነው እል ነበር። «ሊንክ ኢዝ ዳውን» ካለ ግን ነገሩ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም። በኔ ካርድና በራውተሩ ቀዳዳ መካከል ያለው ኤሌክትሪካዊ ግንኙነት ራሱ ተቋርጧል። አገር ሙሉ ስንጠረጥር የነበረው፣ ነገሩ ከአንድ ክፍል አልወጣም።

ደግሞም ከ«ሊንክ ኢዝ አፕ» አጠገብ የተጻፈውን አንብቡ። ፍጥነቱን ይናገራል። የኔ ካርድም ራውተሩም በሴኮንድ አንድ ጊጋቢት፣ ማለትም 1000 ሜጋቢት፣ የሚችሉ ናቸው፣ እሱ ግን 100 ሜጋቢት ይላል። ከፍ ብሎ ደግሞ «ዳውንሺፍት» የሚል መስመር አለ። ከ1 ጊጋ ወደ 100 ሜጋ ወርጃለሁ ካለ በኋላ መጨረሻው ላይ «ቼክ ኬብሊንግ» ይላል፣ ከነቃለ አጋኖው። ከርነሉ ገመድህን እይ እያለኝ ነበር እኮ! ሰሚ ነው ያጣው።

ለምን 100? በኔትወርክ ኬብል ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ አለ፣ ሁለት ሁለት እየሆነ የተጠማዘዘ፣ አራት ጥንድ። 100 ሜጋቢት የሚሠራው በሁለቱ ጥንድ ብቻ ነው፣ በ1፣ 2፣ 3 እና 6 ቁጥር። ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ አንዷ ሽቦ ብትጎድል ኬብሉ አይሞትም፣ እያነከሰ ይሄዳል። ጊጋ ይሞክራል፣ አይሆንለትም፣ ወደ 100 ይወርዳል። ሽቦዋ አንዳንዴ ነካ ስታደርግ ደግሞ ጊጋ ይሆናል፣ ከዚያ ይወድቃል።

ጫፉን ነቅዬ ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ፕላስቲኩ ብርሃን ያሳልፋል፣ ስምንቱም የሽቦ ጫፎች ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ጋር መግጠም አለባቸው። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ… ቡናማው የለም። አለ፣ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። የውጪው ሽፋንም ፕላስቲኩ ውስጥ አልገባም፣ በተነካካ ቁጥር የሚጎተቱት ሽቦዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ገመዱን ወደ ሱቅ ወሰድኩት። ልጁ በመሞከሪያው አየው፤ መብራቶቹ ከአንድ እስከ ሰባት በየተራ በሩ፣ ስምንተኛው አልበራም። ከዚያ ምላጭ አውጥቶ አንዷን ሽቦ ፋቅ ፋቅ አደረጋት። ከላይ መዳብ፣ ከውስጥ ነጭ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባ። ሁለቴ ካጠፉት ይሰበራል» አለኝ። ርካሽ ስለሆነ ብዙ ይሸጣል፣ ሲታይም አይለይም። ንጹሕ መዳብ ለክቶ ቆረጠልኝ፣ ጫፎቹንም እዚያው ክሪምፕ አደረገልኝ፣ ማለትም በመቆንጠጫ ጨምቆ ገጠማቸው፣ ሽፋኑን እስከ ውስጥ አስገብቶ።

ቤት ገብቼ ሰካሁት፣ አንድ ጊጋ። ደስ አለኝ። ማታ ላይ ግን እንደገና «ሊንክ ኢዝ ዳውን»!

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው። ድራይቨሩን፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ይቀይራል፣ ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሳል፣ ሌላ ሊኑክስ ይጭናል፣ ሁሉንም በአንድ ማታ። ጠዋት ጠበል ተጠምቆ፣ ከሰዓት ኪኒን ውጦ፣ ማታ ሲሻለው የቱ ፈወሰኝ ብሎ እንደሚከራከር ሰው ማለት ነው። ለታማሚው ምን አገባው፣ ድኗል። ኔትወርክ ግን ተመልሶ ይታመማል፣ ያኔ የትኛው መድኃኒት እንደሠራ ማወቅ አለባችሁ። አንድ በአንድ።

እና መዝገቡን እንደገና አየሁት። ፍጥነቱ አሁን ጊጋ ነው፣ «ዳውንሺፍት» የሚለው ጠፍቷል። ስለዚህ ገመዱ ድኗል፣ ይሄ ሌላ በሽታ ነው። ሰዓቶቹን ሳይ የገረመኝ፣ ትልቅ የድምፅ ፋይል ስጭን አንዴም አልተቋረጠም። የሚቋረጠው ምንም ሳልሠራ ነው፤ ጽሑፍ ሳነብ፣ ቡና ላፈላ ስነሣ። ሥራ ሲበዛ ደህና ሆኖ ሲያርፍ የሚወድቅ ነገር፣ ኃይል ቁጠባን መጠርጠር ነው።

በ2010 የወጣ 802.3ኤዜድ የሚባል ደረጃ አለ፣ በተለምዶ ኢኢኢ ይሉታል። መረጃ በማይተላለፍበት ጊዜ የኬብሉ ሁለት ጫፎች ተስማምተው ያንቀላፋሉ፣ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሁለቱም በሰዓቱ መንቃት አለባቸው፣ አንዳንድ ካርድና ራውተር ደግሞ እዚህ ላይ አይግባቡም። ኢቲኤች ቱል በሚባለው መሣሪያ «ሾው ኢኢኢ» ብዬ ጠየቅኩ፣ በርቷል። «ሴት ኢኢኢ» ብዬ አጠፋሁት። መስመሩ ለቅጽበት ወርዶ ተመለሰ፣ ይሄ ያለ ነው፣ አትደንግጡ። ከዚያ ወዲህ አልወደቀም። የማጣው ቁጠባ እጅግ ትንሽ ነው፣ በደስታ እከፍላለሁ።

አንድ ነገር ግን፣ ይህ ትዕዛዝ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ይረሳል። ኔትወርኩ በተነሣ ቁጥር ትዕዛዙን እንዲደግም በኔትወርክ ማኔጀር ዲስፓቸር ማህደር ውስጥ ትንሽ ስክሪፕት አስቀምጡ፤ ባለቤቱ ሩት፣ ማለትም የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ፣ ይሁን፣ የመሮጥ ፈቃድም ስጡት። የካርዱን ስም ደግሞ መጀመሪያ አረጋግጡ። የድሮው ኢቲኤች ዜሮ ብዙ ማሽን ላይ ቀርቷል፣ አሁን ኢኤንፒ ስሪ ኤስ ዜሮ የመሰለ ስም ነው የምታገኙት።

ኢኢኢን አጥፍታችሁም ካልተሻለ፣ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ካርዱ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ኃይል ቁጠባ ነው፣ ኤኤስፒኤም የሚሉት። እሱ ግሩብ ላይ፣ ማለትም ሊኑክስን የሚያስነሣው ፕሮግራም ላይ፣ ገብቶ ማስተካከል ይፈልጋል፣ ለዚህ ነው ሁለተኛ ያደረግኩት። መዝገቡ ላይ «ኔትዴቭ ዋችዶግ» የሚል ካያችሁ ደግሞ ገመድ ለመግዛት አትሩጡ። ያኔ ድራይቨሩን ነው ቀድማችሁ የምትጠረጥሩት፣ አዲስ ከርነል ሞክሩ። በሉ፣ ሳምንት እንግዳ ይኖረናል። ደህና ሁኑ።