የፒክአፕና የቤት መኪና ኢንሹራንስ፦ ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። የዛሬው ጉዳይ ከራሴ ቤት የወጣ ነው። እኔ ቶዮታ ኮሮላ እነዳለሁ፤ ሁላችንም ወንድም ጋሼ የምንለው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ደብል ካብ ሃይሉክስ አለው። የሁለቱም መኪኖች ኢንሹራንስ በአንድ ወር ስለሚያልቅ በየዓመቱ አብረን ሄደን እናሳድሳለን፤ የሚገመትላቸው ዋጋ ተቀራራቢ ቢሆንም የእርሱ አረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፍለው ገንዘብ፣ ሁልጊዜ ከእኔ ይበልጣል። ለረጅም ጊዜ ምክንያቱ የመኪናው ግዝፈት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ከግዝፈቱ በፊት የሚመጣ ጥያቄ እንዳለ ተረድቻለሁ፤ ጥያቄውም መኪናው ምን ይሠራበታል የሚለው ነው።

መኪናችን በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ስለሚከፍለው የሦስተኛ ወገን ዋስትና ብዙ አልናገርም። ማንኛውም ባለመኪና የሚገደድበት ይህ ዋስትና በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 የተደነገገና በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 የተተካ ሲሆን፣ የሚከፈለው በወጣው ታሪፍ መሠረት ስለሆነ የሚታየው የመኪናው ዓይነትና የሚሰጠው አገልግሎት እንጂ የገበያ ዋጋው አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ይህ ዋስትና ለካሳ ጣሪያ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ያልፈቀደለት ሰው እንኳ ቢነዳው፣ ኃላፊ ያደርገዋል። አንድ ቶን ገደማ ጭኖ የሚሄድ፣ ባዶውንም ወደ ሁለት ቶን የሚመዝን ፒክአፕ ባጃጅ ቢገጭ የሚያደርሰው ጉዳት ከኮሮላ የከፋ ነው፤ ከጣሪያው በላይ ያለው ካሳም ባለቤቱን ይከተለዋል።

የእኔና የወንድም ጋሼ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ግን የራሳችንንም መኪና ጉዳት በሚሸፍነው ሙሉ ዋስትና ላይ ነው። እዚህ አረቦኑ የሚሰላው የመኪናው ዋጋ በመቶኛ ተባዝቶ ነው፤ መቶኛውን የሚወስኑት ደግሞ የመኪናው ዓይነት፣ ዕድሜው፣ ቀደም ሲል የተጠየቀበት ካሳና በተለይም አገልግሎቱ ናቸው። የሁለታችንን ሊብሬ ጎን ለጎን ዘርግቼ አይቻለሁ። የእኔ የሚናገረው ስለ ሰው ብቻ ነው፤ የእርሱ የሰውም የኩንታልም ቁጥር አለው። የራሱን ዕቃ የሚያጓጉዝ መኪና ለሌላ ሰው በኪራይ ከሚጭነው ያነሰ ይከፍላል፤ በኪራይ የሚሠራው ብዙ መንገድ ይጓዛል፣ ሌሊትም ይነዳል፣ ገበያ እንዳያመልጠውም ይቸኩላል። የጥገናውን ነገር ካነሣን ኮሮላም ርካሽ አይደለም። ዝቅ ያለ ስለሆነ ፓራውልቱ ቶሎ ይጎዳል፤ ስፖኪዮው በአንድ ሌሊት ተነቅሎ በማግስቱ ሶማሌ ተራ ሌላ ፍለጋ የሄድኩበት ጊዜ አለ።

ወንድም ጋሼ መኪናውን የሚያስመዘግበው ለራሱ ዕቃ ማጓጓዣ ነበር፤ መጀመሪያ ሲገዛውም አገልግሎቱ ያው ነበር። ቆይቶ ግን በቲማቲም ወቅት ከዝዋይ አዲስ አበባ ለሰው መጫን ጀመረ። ይህንን ለኢንሹራንሱ አልተናገረም፤ የጠየቀውም አልነበረም። አንድ ምሽት ሞጆ አካባቢ ከፊቱ በድንገት የቆመ አይሱዙ ከኋላ ገጨ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርሱ ተርፏል። በማግስቱ ስደርስ ኮፈኑ ለሁለት ታጥፎ ነበር፤ የተሰባበሩ ሳጥኖች እንጨት አስፋልቱ ዳር ተበትኖ፣ የጭነት አልጋውን የሸፈነው የቲማቲም ውኃ ደርቆ ዝንብ ወርሮት ነበር። ከኢንሹራንሱ የመጣው ባለሙያ ፎቶ አነሣ፣ ዕቃው የማን እንደሆነ ጠየቀ፣ ወንድም ጋሼም እውነቱን ነገረው። ለራሱ መኪና ካሳ አልተከፈለውም።

በወቅቱ በጣም ተቆጥቼ ነበር። ፖሊሲውን፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉን፣ ተቀምጬ ሳነብ ግን መኪናው ለሰው በኪራይ ሲጭን ዋስትናው እንደማይሠራ የሚለው ገደብ ተጽፎ አገኘሁት፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ወንድም ጋሼ እንግሊዝኛ አያነብም። ኩባንያው ውሉን አልጣሰም፤ ነገር ግን ገንዘቡን በአማርኛ ቆጥሮ ለከፈለው ደንበኛ፣ መብቱን የሚያሳጣውን መስመር በሚያውቀው ቋንቋ ያላነበበለት ሠራተኛ ሥራውን ጨርሷል ብዬ አላምንም።

በዚያው ንባብ የራሴንም ስሕተት አየሁ። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሎ ስለነበር ያሉት መኪኖች ዋጋ ሽቅብ ወጣ። እኔ ግን አረቦኑ እንዳይጨምርብኝ የድሮውን ዋጋ እየገለበጥኩ አስመዘግብ ነበር። ለምሳሌ 3 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ1.5 ሚሊዮን ብር ዋስትና ቢገባለትና የ400 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት ዋስትና የተገባው ለዋጋው ግማሽ ብቻ ስለሆነ ኩባንያው ጉዳቱን የሚካፈለው በግማሽ ነው፤ የሚከፍለውም 200 ሺህ ብር ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ላይ የመድን ገቢው ድርሻ፣ ማለትም ባለመኪናው ከኪሱ የሚሸፍነው የጉዳቱ ክፍል፣ ይቀነሳል። በዓመት ጥቂት ሺህ ብር ለማዳን ስል የመኪናዬን ግማሽ ያለ ዋስትና እነዳ ነበር።

ዘንድሮ ስናሳድስ ወንድም ጋሼ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ለሠራተኛዋ «እኔ በቲማቲም ወቅት ለሰው በኪራይ እጭናለሁ፤ እንደዚያው ብለሽ ጻፊልኝ» አላት። እኔም ኮሮላዬን በዛሬው ገበያ ዋጋ አስገመትኩ። የሁለታችንም ክፍያ ጨመረ፤ በመካከላችን ያለው ልዩነትም ከአምናው ይበልጥ ሰፋ። ወንድም ጋሼ ደረሰኙን አጥፎ ከሊብሬው ጋር ካስቀመጠ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት ለዝዋይ ደንበኞቹ ደውሎ የኪራይ ዋጋውን እንደጨመረ ነገራቸው።