የእናቴ ፈትል

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። የዛሬውን ክፍል ያለ እንግዳ፣ ብቻዬን እቀርጻለሁ። ያለሁት መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የእናቴ ቤት ነው። ነገ ሙት ዓመቷ ነው። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተደፍቶ፣ ከደብረ ብርሃንም ከአዲስ አበባም የመጣው ዘመድ ሁሉ ስለተኛ፣ እኔ ስልኬን ይዤ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብያለሁ። የጥር ውርጭ በበሩ ስንጥቅ ይገባል፤ እሳቱ የኩበት ስለሆነ ድምፅ የለውም። እሷም በዚህ ሰዓት የምትቀመጠው እዚሁ ነበር።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ በዓል ግን አንድም አያመልጣትም ነበር። የእኛ የልጆቿ ዕድሜ የተጻፈው በወረቀት ሳይሆን በእሷ የበዓል አቆጣጠር ውስጥ ነው። መጀመሪያ መታወቂያ ላወጣ ስሄድ የተወለድኩበትን ቀን ብጠይቃት፣ «ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሴ ሊወጣ ሲል» አለችኝ፤ እኔም ነሐሴ 3 ብዬ አስመዘገብኩ። ታላቅ ወንድሜ የመጋቢት አቦ ማግስት ነው። የልጅ ልጆቿ የልደት ወረቀት እያላቸው እንኳ በዚሁ መንገድ ነበር የምትቆጥራቸው፤ የማንም ልጅ ቀን ተሳስቶባት አያውቅም።

እጇ ሥራ ፈትቶ አይቼው አላውቅም። መንዝ ብርድ አገር ነው፤ ባና ያልፈተለች ሴት ልጆቿን ምን ታለብሳለች? የበግ ጠጉር ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ በደጋን ከተነደፈ በኋላ እንዝርቷን አንሥታ ስትቀመጥ፣ ውዳሴ ማርያሙንም አብራ ትጀምራለች። ጸሎቱን የተማረችው በልጅነቷ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ተቀምጣ በመስማት ብቻ ነው፤ የየዕለቱን ለይታ በቃሏ ታውቀዋለች። እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ስትለቀው፣ ክሩ ከጣቶቿ መካከል እየቀጠነ ሲወርድ፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ክሩ የተበጠሰ እንደሆነ ጸሎቱንም ታቆማለች፤ ጫፉን በምራቋ አርሳ፣ ጠጉር ጨምራ፣ በሁለት ጣቷ አሽታ ትቀጥለዋለች፤ ከዚያም ካቆመችበት ቃል ትነሣለች። ልጅ ሆኜ የፈትሉና የጸሎቱ ነገር አንድ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ዛሬም ተሳስቼ ነበር ብዬ አላምንም።

አሁን ልናገር ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። አባታችን ካረፈ በኋላ፣ የ40 ቀኑ ተዝካር በወጣ በሳምንቱ፣ እናቴ እኔን ለብቻዬ ጠርታ፣ «ልጄ፣ አባትሽን በወጉ ሸኝቻለሁ፤ እናንተም ራሳችሁን ችላችኋል። ከእንግዲህ ጻድቃኔ ሄጄ ቀሪ ዘመኔን በእመቤቴ ደጅ ልጨርስ» አለችኝ። ለማታውቁት፣ ጻድቃኔ ማርያም በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በሰላ ድንጋይ በኩል የምትገኝ፣ ከመላ አገሪቱ ሕዝብ ለሱባኤና ለጠበል የሚጎርፍባት ገዳም ናት። እናቴ በወጣትነቷ በእግሯ እየተጓዘች ትሳለማት ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጄን ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ቃል አልወጣኝም፤ አለቀስኩ እንጂ። እሷም እንባዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ «በይ ተይው» ብላ ተነሣች።

ልጄ ስትወለድ ልታርሰኝ ደብረ ብርሃን መጣች። ገንፎውን አገነፋች፣ ሕፃኗን አጠበች፣ በ80ኛው ቀን ክርስትና እስክትነሣ ልቆይ አለች። ከክርስትናው በኋላ እኔ ወደ ሥራ ተመለስኩና ሕፃኗን የሚይዝ ታጣ። ከዚያ ሁለተኛው ልጄ መጣ፤ ከዚያ የወንድሜ ሚስት ታመመች። ገዳሙን ዳግመኛ አላነሣችብኝም። ቆቡን ግን ከንስሐ አባቷ ተቀብላ እማሆይ ተባለች፤ የመነኩሲት ሥርዓቷን በልጅ ለቅሶና በድስት መካከል ጠበቀች። የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሁሉ እስከ ማታ ትጾማለች፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለስግደት ስትነሣ የልጆቹን እንቅልፍ እንዳታናጋ መቋሚያዋን መሬት አታስነካም።

በፍልሰታ የልጅ ልጆቿን ሁሉ ሰብስባ ወደዚህ ታመጣቸው ነበር። ጉሙ የቤቱን ደጃፍ በሚሸፍንበት በነሐሴ ጠዋት፣ ሕፃናቱን በባና ጠቅልላ ለቅዳሴ ትወስዳቸዋለች፤ ሲመለሱም የገብስ በሶ በጥብጣ ታጠጣቸዋለች። ለትንንሾቹ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ጾመው እንዲፈቱ ትፈቅድ ነበር። ጨክና ያስጾመችው ልጅ የለም፤ ልጆቹ ጾምን የወደዱትም በዚህ ይመስለኛል።

ጎረቤቶች፣ «እማሆይ፣ ገዳሙ ቀረ እንዴ?» ሲሏት የምትመልሰው አንድ ነገር ነበር፤ «እመቤቴስ ልጅ አዝላ አይደል የተሰደደችው?» ትላለች። ጾመ ጽጌን፣ ያንን የስደት መታሰቢያ የሆነውን የፈቃድ ጾም፣ ከመስከረም 26 ጀምራ አንድም ዓመት ሳታስታጉል የጾመችው ለዚህ ይሆን? ሳልጠይቃት ቀረሁ። አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን ማልቀሴ ከመንገዷ እንዳስቀራት ይሰማኛል፤ ይህ ሐሳብ ባለፈው አንድ ዓመት አስተኝቶኝ አያውቅም። ይሁን እንጂ ልጆቼን ያሳደገቻቸው ፊቷ በርቶ ነው። በግድ የቀረ ሰው ፊት እንደዚያ አይደለም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱንም ይዤ መኖር አለብኝ።

አምና ባረፈች ጊዜ፣ በፍትሐቱ ላይ ካህኑ ስመ ክርስትናዋን እየጠሩ ይጸልዩላት ነበር። ትልቋ ልጄ ነጠላዬን ሳብ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ማንን ነው የሚጠሩት?» አለችኝ። «እምዬን ነው» አልኳት። ያን ስም ሰምታው አታውቅም ነበር፤ ለእሷ አያቷ ሁልጊዜ እምዬ ብቻ ናት። ከቀብር ስንመለስ ደጋግማ በሹክሹክታ ስትጠራው ሰማኋት።

እንዝርቷ ክር እንደተጠመጠመበት ከመደቡ ራስጌ ተገኘ። ለመጨረሻው የልጅ ልጇ፣ ለወንድሜ ልጅ፣ ባና ጀምራለት ነበር። ልቃቂቶቹን ሰብስበን ለሸማኔ ብንወስድ ማጉ እንደማይበቃ ነገረን። እኔ መፍተል አልችልም፤ በልጅነቴ ልታስተምረኝ ስትቀመጥ ደብተሬን ይዤ እሸሽ ነበር። የማኅበር ጓደኞቿ ይህን ሲሰሙ የጎደለውን ተካፍለው ፈተሉት፤ አንዷ ዓይኗ ደክሞ በዳሰሳ ነው የፈተለችው። ባናው ለገና ደረሰ። አሁን ሕፃኑ ለብሶት ከጓዳ ተኝቷል። የእሷ ክር ቀጭንና እኩል ነው፤ የጓደኞቿ ወፈር ይላል። ቅድም ላለብሰው ስል በጨለማ ዳበስኩት፤ የእናቴ ፈትል የቱ ጋ እንደሚያልቅ በእጅ ይታወቃል።