ብርቱካን ስሟን ከየት አገኘች?

የመጀመሪያዋ ጠያቂያችን፦ «ብርቱካን የተባለችው በሽተኛን ስለምታበረታ ነው፤ ‹ብርቱ› ከሚለው ቃል የመጣ ስም ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?»

መልስ፦ ውብ ትርጓሜ ነው እኅቴ፤ ግን አያስኬድም። «ብርቱ»ን ቆርጠን ብንወስድ «ካን» ያለ ዘመድ ሜዳ ላይ ይቀራል። ስሙ የአገር ስም ነው፤ ፖርቱጋል ማለት ነው። ዐረቦች «ቡርቱቃል»፣ ቱርኮች «ፖርታካል»፣ ግሪኮች «ፖርቶካሊ»፣ ፋርሶች «ፖርተቃል» ይሏታል። ኮምጣጣው ዘር ቀደም ብሎ በዐረቦች በኩል ሜዲትራንያን ደርሶ ነበር፤ ስሙም «ናራንጅ» ነበር። ጣፋጩን በብዛት ያዳረሱት ግን ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 ሕንድ ከደረሰ በኋላ የፖርቱጋል ነጋዴዎች ናቸው። ገዢው ፍሬዋን በሻጩ አገር ስም ጠራት። የበቀለችው በእስያ ነው፤ ይህን ያልረሱት ሆላንዶች ናቸው፣ «የቻይና ፖም» ይሏታልና።

ሌላ አድማጭ፦ «እንግዲያው ቃሉን ያመጡልን እ.ኤ.አ. በ1541 ከክርስቶፎር ዳ ጋማ ጋር ወደ ኢትዮጵያ የገቡት የፖርቱጋል ወታደሮች ናቸው?»

መልስ፦ ጥያቄዎ ብልህ ነው፤ ብዙ ሰውም እንደዚያ ያስባል። እኔ ግን አልስማማም። ፖርቱጋሎች ራሳቸው ፍሬዋን «ፖርቱጋል» ብለው አያውቁም፤ «ላራንዣ» ነው የሚሏት፣ ያው የጥንቱ «ናራንጅ» ማለት ነው። በራሳቸው አፍ የሌለውን ስም እንዴት ያስተምሩናል? ከእነርሱ አፍ ሰምተን ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንልጠው «ላራንጃ» በሆነ ነበር።

ድምፁንም ልብ ይበሉ። ዐረብኛ «ፐ» ስለሌለው «በ» ብሎ ይተካዋል፤ የእኛም ቃል በ«ብ» ይጀምራል። መጨረሻውስ? የመጽሐፉ ዐረብኛ «ቡርቱቃል» ቢልም፣ የሱዳንና የግብፅ ሰው በዕለት ንግግሩ «ል»ን ትቶ በ«ን» ይጨርሰዋል። ሱዳን ገበያ ገብተው «ቡርቱካን» ቢሉ ያለ አስተርጓሚ ይሸጥልዎታል። ስለዚህ ቃሉ ከፖርቱጋል ሳይሆን ከዐረብ ጎረቤቶቻችን አፍ ነው የመጣው። ብርቱካን የሚባሉ እኅቶቻችንም፣ ሳያውቁት፣ የአውሮፓ አገር ስም ተሸክመዋል ማለት ነው።

የመጨረሻው ጠያቂ፦ «ሎሚስ?»

መልስ፦ እርሱም በዚያው መንገድ የመጣ ነው። ፋርስኛው «ሊሙ»፣ ዐረብኛው «ለይሙን» ይለዋል፤ የእንግሊዝኛው «ሌመን» እና «ላይም» ሁለቱም ከዚያው ግንድ ናቸው።