ዐለቱን ነክታ ለጠየቀችው ልጅ

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይም ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የምትገቡ ልጆቻችን፣

ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት ከአንዳንዶቻችሁ ጋር በዩታና በኮሎራዶ ድንበር ላይ ወደሚገኘው የዳይኖሰር ብሔራዊ ቅርስ ስፍራ ሄደን ነበር። እዚያ ወደ 1,500 የሚጠጉ አጥንቶች ከተቀበሩበት ሳይነቀሉ በአንድ የዐለት ግድግዳ ላይ ይታያሉ፤ በእጅ መንካት የሚፈቀድባቸውም አሉ። አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ መዳፏን ከአንደኛው ላይ አሳርፋ ጥቂት ዝም አለችና ዘወር ብላ «ጋሼ፣ ይሄ እውነት 149 ሚሊዮን ዓመት ከሆነው፣ እሑድ የተማርነው ውሸት ነው?» አለችኝ። እኔም ሰው ቆሞ ይጠብቀን ስለነበር በአንድ ዐረፍተ ነገር መልሼላት አለፍኩ። ዛሬ የምናገረው ያን ቀን ልነግራት ይገባኝ የነበረውን ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1930 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእኛው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን፣ ብዙዎች የሞርሞን ቤተክርስቲያን የሚሉት፣ ሐዋርያ የነበሩት ጆሴፍ ፊልዲንግ ስሚዝ ከአዳም በፊት በምድር ላይ ሞት አልነበረም ብለው ሲያስተምሩ፣ ሌላው የቤተክርስቲያናችን መሪ ቢ. ኤች. ሮበርትስ አጥብቀው ተቃወሟቸው። ክርክሩ የቤተክርስቲያናችን የበላይ አካል ወደሆነው ወደ ቀዳሚ አመራሩ ቀረበ። በሚያዝያ 1931 የተሰጠው መልስ ለአንዱም አልፈረደም፤ ጂኦሎጂን፣ ባዮሎጂን፣ አርኪዮሎጂንና አንትሮፖሎጂን ከነፍስ መዳን ጋር ስለማይገናኙ ለሳይንሳዊ ምርምር ተዉአቸው የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ራሳቸው የጂኦሎጂ ምሁር የነበሩት ሐዋርያው ጄምስ ታልሜጅ በሶልት ሌክ ታበርናክል ቆመው፣ ሰው ከመምጣቱ ከረጅም ዘመናት በፊት ዕፅዋትና እንስሳት ኖረው እንደሞቱ በግልጽ ተናገሩ። የቀዳሚ አመራሩን ውሳኔ ከጥያቄ መሸሽ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን የማያውቁትን በሥልጣን አለመወሰን ትልቅ ትሕትና ነው እላለሁ፤ ለእኛ ለሳይንስ መምህራንም የሥራ ቦታችንን የሰጠን እሱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ኬሚስቱ ሄንሪ አይሪንግ ነው። በ1901 በሜክሲኮ በአንድ የቤተክርስቲያናችን አባላት ሰፈር ተወልዶ በአሪዞና ያደገ የከብት አርቢ ልጅ ነበር። በ1919 ለዩኒቨርሲቲ ሲነሣ አባቱ በዚህ ቤተክርስቲያን እውነት ያልሆነን ነገር እንድታምን አትገደድም፣ ሄደህ የቻልከውን ሁሉ ተማር፣ እውነት የሆነው ሁሉ የወንጌሉ ክፍል ነው ብለው እንደሸኙት እስከ ዕድሜው መጨረሻ ይናገር ነበር።

ይህ ሰው ያገኘውን ነገር ማገዶ ያነደደ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ክምር እንጨት በአየር ተከብቦ ዓመታት ይቀመጣል፤ እንጨቱም ኦክስጅኑም ጎን ለጎን ሳሉ እሳት አይነሣም። ክብሪቱ የሚያደርገው ሞለኪውሎቹ ከፊታቸው ያለውን የኃይል ጉብታ እንዲወጡ ማገዝ ነው። አይሪንግ በ1935 በፕሪንስተን ሳለ ያወጣው ቀመር፣ በጉብታው ጫፍ ላይ ለቅጽበት የሚፈጠረውን ቅንብር መነሻ አድርጎ፣ አንድ ኬሚካዊ ለውጥ በምን ፍጥነት እንደሚካሄድ ለማስላት አስቻለ። ቀመሩ ለአማኙም ለማያምነውም እኩል ይሠራል። እሱ ግን ወደ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ከመጣበት ከ1946 ጀምሮ ምርምሩን ሳያቋርጥ ለብዙ ዓመታት በሰንበት ትምህርት ቤት ቦርድ አገልግሏል። ጆሴፍ ፊልዲንግ ስሚዝ በ1954 ዝግመተ ለውጥን የሚቃወም መጽሐፍ ሲያወጡ አይሪንግ የምድር ዕድሜ በቢሊዮኖች እንደሚቆጠር በጽሑፍም ፊት ለፊትም ተናገረ፤ ከቤተክርስቲያኑም አልወጣም፣ የሚያውቀውንም አልካደም።

ከባዱን ጥያቄ መዝለል አልፈልግም። ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር እንደ ቅዱስ መጽሐፍ የምንቀበለው የመጽሐፈ ሞርሞን የ1981 እትም መግቢያ፣ ላማናውያን፣ ማለትም መጽሐፉ ከኢየሩሳሌም ከመጡ ሰዎች የተገኙ የሚላቸው ሕዝብ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዋነኛ አያቶች ናቸው ይል ነበር። የዲኤንኤ ጥናት የእነዚህ ሕዝቦች የዘር ሐረግ በአብዛኛው ወደ እስያ እንደሚያመራ ካሳየ በኋላ «ዋነኛ አያቶች» የሚለው አባባል «ከአያቶቻቸው መካከል» በሚል ተተካ። የተቀየረው በኋላ የተጻፈው መግቢያ እንጂ የመጽሐፉ ቃል አይደለም፤ ሆኖም ለዓመታት እንደ ትምህርት የያዝነው ነገር ስለነበር ብዙዎችን አሳዝኗል፣ እኔንም ጭምር። ለላማናውያን የዲኤንኤ ማስረጃ የለኝም። ተማሪዎቼን ግን ዲኤንኤው ተሳስቷል ብዬ አላስተምርም፤ እምነቴን ለመጠበቅ ብዬ ሐሰት ብናገር የምጠብቀው ነገር እምነት መሆኑ ይቀራል።

እኔ የማምነው በሌላ መንገድ ነው። በመጽሐፈ ሞርሞን ውስጥ ነቢዩ አልማ፣ በስሙ በተጠራው ክፍል ምዕራፍ 32፣ የእግዚአብሔርን ቃል በዘር መስሎ፣ ዝሩትና ፈትኑት፣ ሲያብጥና ሲበቅል እዩ ይላል። ይህ ሙከራ በእያንዳንዱ ሰው ልብ ውስጥ የሚካሄድ እንጂ በላቦራቶሪዬ ለሌላ ሰው ላሳየው የምችለው ባለመሆኑ ሁለቱን አልቀላቅልም። ለእኔ ግን በቅሏል፤ እናቴን በቀበርኩበት ሳምንት የቆምኩት በእሱ ነው።

አንቺ ልጄ፣ ዛሬም ከእናትሽ ጋር እዚህ ተቀምጠሽ አይቼሻለሁ። አጥንቱ ዕድሜው የተባለውን ያህል ነው። እሑድ የተማርሽው እግዚአብሔር ምድርን እንደፈጠረ ነው፤ በስንት ዓመት እንደፈጠራት ግን ዐለቱን ጠይቂው። በ1832 ለቤተክርስቲያናችን መሥራች ለጆሴፍ ስሚዝ በተሰጠውና ትምህርትና ቃል ኪዳኖች በተባለው ቅዱስ መጽሐፋችን ክፍል 88 በተጻፈው ራእይ ተማሩ ከተባልናቸው ነገሮች መካከል ከምድር በታች ያለው በስም ተጠቅሷል፤ አንቺም የነካሽው እሱን ነው።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ ትቻለሁ። ማይክሮፎኑን መጀመሪያ ለልጆቹ ስጡልኝ።