አንቺን ማን ከሰሰሽ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ክፍል መጨረሻ ላይ ስለ ላፕቶፕ ላወራ እንደሆነ ጠቆም ሳደርግ «አምባሳደሯ ሹመቷን ልትመልስ ነው» እያላችሁ የቀለዳችሁብኝ ነበራችሁ። ቀልዱን ያወጣው የእህቴ ባል መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ደመወዝ ያልተቆረጠላት አምባሳደር የሚለኝ እሱ ነው። ላፕቶፖቼን የሠራውን ድርጅት ስም ዛሬም አልጠራም። ሳሞግሰው በኖርኩባቸው ክፍሎች ሁሉ «ቤቱ» ብቻ እያልኩ አልፌ፣ አሁን ልወቅሰው ስነሣ ስሙን አደባባይ ማውጣት የሚያምርብኝ አይመስለኝም። ለነገሩ እየወቀስኩት መሆኔንም ገና አላረጋገጥኩም።

አሁን የምሠራበት ማሽን ራሙ፣ ማለትም የተከፈቱ ሥራዎችን የሚይዝበት ጊዜያዊ ሜሞሪው፣ 8 ጊጋባይት ነው። የትርጉም ሥራዬን ከፍቼ፣ ከጎኑ መዝገበ ቃላትና ጥቂት ድረ ገጾች አስቀምጬ፣ በዚያው ላይ የዚህን ፖድካስት ድምፅ ላስተካክል ስል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ራም ላስጨምር ብዬ ከቱሉ ዲምቱ በጎሮ አድርጌ መገናኛ ወጣሁ፤ ሌላ ዘንድ ሳይሆን ጋሼ ዘንድ። ጋሼ ከቴፕ ሪከርደር ጥገና ተነሥተው ኮምፒውተር ላይ የደረሱ ሰው መሆናቸውን ደጋግሜ ስለነገርኳችሁ አልመለስበትም። የቀድሞውን ላፕቶፔን፣ ያው ቤት የሠራውን ማለቴ ነው፣ ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ ተክተው፣ ራሙን እጥፍ አድርገው፣ ባትሪውን ቀይረው ከጡረታ እንዴት እንደመለሱልኝም ሰምታችኋል። ለቤቱ ያለኝ ፍቅር የጸናው በዚያን ጊዜ ይመስለኛል። ይህን ስናገር ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ማሽኑን ያዳኑት ጋሼ ሆነው ሳለ፣ በየቤተ ዘመዱ እየዞርኩ ያሞገስኩት ቤቱን ነበር።

ጋሼ ላፕቶፑን ፎጣ ላይ ገልብጠው ብሎኖቹን አንድ በአንድ አወጡና በወጡበት ቅደም ተከተል ሲኒ ማስቀመጫ ላይ ደረደሯቸው፤ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ቦርዱን ሊወጋው ይችላል። ከዚያ ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ ጠርዙን ተከትለው ክዳኑን አላቀቁ። የጠረጴዛ መብራታቸውን አዘንብለው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ማጉያውን አንሥተው ዝም ብለው ተመለከቱ። እኔም በትከሻቸው ላይ አንገቴን አስግጌ የራሙን ማስገቢያ በዓይኔ እፈልግ ጀመር። በቀድሞው ላይ ሁለት ማስገቢያዎች ነበሩት፤ በግራና በቀኝ ያሉትን ትንንሽ መያዣዎች ገፋ ስታደርጓቸው ራሙ ራሱ ብድግ ይል ነበር። በዚህኛው ላይ ያየሁት የማሽኑ አንጎል ከሆነው ፕሮሰሰር አጠገብ የተሰለፉ፣ ከቦርዱ ጋር አንድ ላይ የተበየዱ ጥቋቁር ቺፖችን ብቻ ነው። ባትሪውም ቢሆን በማጣበቂያ ከታች ተይዟል። ጋሼ ቺፖቹን በመቆንጠጫቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉና «መልሺላቸው» አሉኝ።

«ለማን?» አልኳቸው፤ የምሬን ነበር የጠየቅኩት። ማሽኑ ከዱባይ በሰው ሻንጣ የመጣ ነው፤ እንዲህ ለመጣ ዕቃ ዋስትና ጠያቂም ተጠያቂም የለም። «ራሙ በኋላ ይጨመራል» ብሎ ያረጋገጠልኝ ሻጭ ስልኩን ካነሣልኝ ቆይቷል። ጋሼ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ እያወቁም «መልሺላቸው» አሉ፤ መልስም አልጠበቁም፤ ብሎኖቹን ወደ ቦታቸው መመለስ ጀመሩ።

እንቅልፍ የነሣኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ማስረዳት ጀመርኩ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ለፍጥነት ተብሎ ነው፤ ራሙ ለፕሮሰሰሩ ሲቀርብ ባትሪ ይቆጥባል፣ ማሽኑም ይሳሳል፣ ሌሎቹም ድርጅቶች ወደዚሁ እየሄዱ ነው» እያልኩ፣ በእውነት ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በዚያች ደረጃ ሥር ባለች ሱቅ ውስጥ ቆሜ የቤቱ ጠበቃ ሆንኩ። ድምፄ ራሱ ተለውጦ ነበር፤ ዘመድ ሲታማ እንደሚሰማ ሰው ዓይነት ድምፅ ነበር። ጋሼ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። የመጨረሻውን ብሎን እያጠበቁ፣ ከላፕቶፑ ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ፣ አንቺን ማን ከሰሰሽ?» አሉኝ።

ይህችን ንግግር ብዙ ገልብጬ አይቻታለሁ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢሆን እንኳ መልስ አላጣለትም ነበር። ፌዝም አልመሰለችኝም፤ ጋሼ ሲያፌዙ መጀመሪያ በአፍንጫቸው እንደሚስቁ አውቃለሁ። ምናልባት ደክሟቸው ነበር፤ ከእኔ በፊት ስልኩን ሽንት ቤት የጣለ ወጣት ሲያለቃቅስባቸው ቆይቷል። ምናልባትም ነገሩ የነካው እሳቸውን እንጂ እኔን አልነበረም፤ ዕድሜ ልካቸውን ዕቃ ከፍተው ላስነሡ ሰው፣ ተከፍቶ ምንም የማይደረግለት ዕቃ ማየት ምን እንደሚመስል እኔ ልነግራችሁ አልችልም። የሥራ ሂሳብ ስሰጣቸው «ምን ሠራሁና» ብለው መለሱልኝ። ይሄው ደግሞ አናደደኝ። ቢቀበሉኝ ኖሮ ጉዳዩ የደንበኛና የባለሙያ ሆኖ ይዘጋ ነበር፤ አሁን ግን ያልተከፈለ ነገር ይዤ እየዞርኩ ነው፤ ለማን እንደሚከፈልም አላውቅም።

ደግሞ እኮ የተናገርኩት ውሸት አልነበረም። በቀጫጭን ላፕቶፖች ውስጥ የሚገባው ኤልፒዲዲአር የሚባለው ራም መጀመሪያ የታሰበው ለስልክና ለመሳሰሉት ነው። በቺፑና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው መስመር ባጠረ ቁጥር ምልክቱ ሳይዛባ፣ በዝቅተኛ ቮልቴጅ፣ በፍጥነት ይመላለሳል፤ ለዚህም ሲባል ለዓመታት ቦርዱ ላይ እየተበየደ ኖሯል። መሐንዲሶቹ ክፋት አስበው አይደለም ለማለት እችላለሁ። ይሁን እንጂ የሜሞሪ ደረጃዎችን የሚያወጣው ጄዴክ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ካም2 የተባለውን ደረጃ አውጥቷል፤ በዚህ አሠራር ያው ኤልፒዲዲአር በብሎን ታስሮ የሚወልቅ ሆኗል። በ2024 ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ1 በሚባለው ማሽኑ ላይ አስገብቶታል። እንግዲህ ይቻላል ማለት ነው፤ የሚቻል ከሆነ ደግሞ... ይኸው፣ አሁንም የማንም ጠበቃ ሳልሆን እየተከራከርኩ ነው። አንዳንዴ የሚያስፈራኝ የራሙ ነገር ሳይሆን ይህ አፌ ነው።

ታማኝነቴ ምን እንዳስገኘልኝ ለመቁጠር ሞክሬ ነበር። ቤቱ እኔ መኖሬን አያውቅም፤ ይህ አያስገርምም፤ ማንስ ያውቃል? የሚያስገርመው እኔ የሚያውቀኝ ይመስለኝ እንደነበር ነው። ዘመድ ላፕቶፕ ሊገዛ ሲያስብ ወደ እኔ ይደውላል፤ እኔም ሳላመነታ የቤቱን ስም እነግረዋለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ እንኳ ምክሬን አልለወጥኩም። 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ፣ ላፕቶፕ መግዛት እንደ ቀድሞው «ደመወዜን ጠብቄ» የሚባል ነገር መሆኑ ቀርቶ፣ ዕቁብ የሚጣልበት ጉዳይ ሲሆን እያየሁ፣ «ውድ ቢሆንም ይቆይላችኋል» እል ነበር። ይቆያልም፤ የቀድሞው ቆይቶልኛል፤ ያቆዩት ግን... ይህን ቅድም ብዬዋለሁ።

አሁን ዓይኔን የጣልኩበት ዩዝድ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። አትሳቁብኝ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚያስታውስ ማሽን መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ሁለት የራም ማስገቢያ አለው፤ ባትሪውም ሁለት ነው፤ አንዱ ከውስጥ፣ ሌላው ከኋላ በእጅ የሚወልቅ። በእኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ሳላጠፋ፣ በውስጠኛው ባትሪ እየሠራ ሳለ የኋላውን ነቅዬ የተሞላ ሌላ ባትሪ ልተካበት እችላለሁ። ቱሉ ዲምቱ የምትኖሩ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሌላው ስታቢላይዘር ገዝቶ ይጠይቀን። ሻጩ ያሳየኝ 8ኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለበትን ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ዊንዶውስ 10 በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ይፋዊ ድጋፉ አብቅቷል፤ ወደ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚሻገሩት ደግሞ በኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉት ናቸው። ለጥቂት ድልድዩን ያለፈ ማሽን ነው ማለት ነው።

ስለ ቲንክፓድ ሳነብ ያገኘሁት ታሪክ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ውስጥ ከተተኝ። በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣው አይቢኤም ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የግል ኮምፒውተር ሥራውን ለቻይናው ሌኖቮ ሸጦ ወጣ። ወዳጆቹ ግን አብዛኞቹ አብረው የተሻገሩ ይመስላል። በኪቦርዱ መሀል ያለችው ቀይ ነጥብ አለች፣ ጥቁሩ ክዳን አለ፤ ባለቤቱ ብቻ ሌላ ሰው ሆነ። ታዲያ እነዚያ ሰዎች ታማኝ የነበሩት ለማን ነው? ለቀይዋ ነጥብ ነው ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ እያሰብኩት ስሄድ ግን የእኔንም ቤት ማን እንደሚመራው፣ በእነዚህ ዓመታት ስንት መሐንዲስ ገብቶ እንደወጣበት እንደማላውቅ ገባኝ። ያን የሚከፈት ላፕቶፕ የሠሩትና ይህን የማይከፈተውን የሠሩት በጭራሽ ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ ከድተውኛል ማለትም አልችልም። ይህ ሐሳብ የት እንደሚያደርሰኝ ስላላወቅኩ ልተወው።

ከእናንተ መካከል «በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ጫኚበትና ተገላገዪ» የምትሉኝም አላችሁ፤ መልእክቶቻችሁን አንብቤያለሁ። አማርኛ መጻፉ አያሳስበኝም፤ ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ደረጃ በሆነው ዩኒኮድ፣ በ3.0 እትሙ፣ ውስጥ ከገባ ወዲህ የትኛውም ሲስተም ላይ ይጻፋል። የሚያሳስበኝ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉት የድሮ ትርጉሞቼ ናቸው። ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ስትከፍቷቸው «ሰላም» የነበረው የቅንፍና የነጠላ ሰረዝ መንጋ ሆኖ ይወጣል። እነሱን አንድ በአንድ መቀየር የምችልበት ጊዜ ቢኖረኝ ኖሮ፣ እውነቱን ለመናገር፣ 8 ጊጋባይቱም ይበቃኝ ነበር።

ቲ480ውን ሱቅ ውስጥ ሞክሬዋለሁ። ኪቦርዱ ድንቅ ነው፤ ቁልፎቹ ጠለቅ ይላሉ፣ ጣትን መልሰው ይገፋሉ። አንድ አንቀጽ ጽፌ ሴቭ ላደርግ ትንሿን ጣቴን ወደ ግራው ጥግ ስሰድ ግን ምንም አልሆነም። ደገምኩ፤ ምንም። በዚያ ጥግ ላይ ያለው ኮንትሮል ሳይሆን ኤፍኤን የሚለው ቁልፍ ነው፤ ኮንትሮል ከእሱ ቀጥሎ ነው የተቀመጠው። ሻጩ እየሳቀ «ባዮስ ውስጥ ቦታቸው ይለዋወጣል» አለኝ፤ ባዮስ ማለት ማሽኑ ሲነሣ የሚገባበት የውስጥ ማስተካከያ ነው። ይህኛውን ራሴ አጣርቻለሁ፤ እውነት ነው፤ ይለዋወጣል። ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ራም የተነፈግኩ ሰው በአንዲት ቁልፍ ቦታ ልቤ ቅር አለ። ቀብድ ሳልሰጥ ወጣሁ። ሻጩ እስከ ቅዳሜ እንደሚይዝልኝ ነግሮኛል፤ ጋሼ ዘንድ ወስጄ ላሳያቸው ብዬም አስቤ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ «ግዢ» ካሉኝ ገዛሁት ማለት ነው፤ ከቤቱ ወጥቼ የሌላ ሰው ቃል ውስጥ መግባት ይሆንብኛል። ይህም ቢሆን ችግር የለውም ይሆናል።

በዚህ መሀል የአክስቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነውና «የቱን ልግዛ?» ብላ ጽፋልኛለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ እመልስላት ነበር። አሁን የሚወልቅ ባትሪና የሚጨመር ራም ያለው ይሁን ልላት እጀምርና እሰርዘዋለሁ፤ እንዲያ ካልኳት አዲስ ማሽን ሳይሆን ዩዝድ ልትፈልግ ነው፤ ዩዝድ ደግሞ ከየትኛው ሻጭ? በአውሮፓ ኅብረት ባትሪን ተጠቃሚው ራሱ እንዲያወልቀው የሚያስገድደው ደንብ ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ ሥራ ላይ ይውላል፤ ያን ጠብቂ እንዳልላት ትምህርቱ አይጠብቃትም፣ ያ ማሽን ዱባይ ደርሶ ወደ እኛ እስኪመጣም... ደግሞ አባቷ ገንዘቡን ያዘጋጀው የቤቱን ስም ይዞ ነው፤ እኔው የነገርኩትን። የቤቱን ግዢ ብላት ስህተት ነው ማለትም አልችልም፤ ለእሷ ሥራ 8 ጊጋባይት ሊበቃት ይችላል፤ ስክሪኑ እኮ እስካሁን ያየሁት ሁሉ አይወዳደረውም፣ ድምፁም... እንግዲህ ማታ እደውልላታለሁ። ወይም ቅዳሜ ካለፈ በኋላ።