ቀዩ መድኃኒት ደረሰ ወይ?

እንደምን ዋላችሁ፣ የደብረ ማርቆስ ልጆች! ስለ ካንሰር ላወራችሁ ነው የቆምኩት። የምጀምረው ግን ከአክስቴ ጥያቄ ነው።

አክስቴ ጡታቸውን ሲታመሙ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን አዲስ አበባ አደረስኳቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ ቀዩ መድኃኒት በቀጭኗ ቱቦ ጠብ ጠብ ሲል አያለሁ። ዶክሶሩቢሲን ይባላል። ሲያዩት ቆዩና "ልጄ፣ ይሄ የሚገባው በክንዴ፣ በሽታው ያለው ጡቴ ላይ። መድረሱን በምን ያውቃሉ?" አሉኝ። ዝም አልኩ።

መድኃኒቱ በደም ተጉዞ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ፀጉራቸውን ያረገፈው፣ እህል ያስጠላቸው ለዚያ ነው። ልብንም ሊጎዳ ይችላል።

ናኖ ቅንጣት የመጣው ለዚህ ነው። በፀጉር ውፍረት ላይ ብዙ መቶዎቹ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ ያን ያህል ደቃቅ ነው። ተመራማሪዎች ይህንኑ ቀይ መድኃኒት በደቃቅ የስብ ከረጢት ውስጥ ከተቱት፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 ፈቀደችው። በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀነሰ። የካንሰር ዕጢ ደም ሥር ደግሞ በጥድፊያ እንደታጠረ አጥር ነው፣ ቀዳዳው ብዙ፤ ከረጢቷ በጤነኛው ደም ሥር በቀላሉ አታልፍም፣ በዚያኛው ግን ትሾልካለች።

ግን አልሸነግላችሁም። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች የአስር ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ በአይጦች ላይ ከተወጋው ቅንጣት ዕጢው ጋ የደረሰው በመካከለኛ ግምት 0.7 በመቶ ነው። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም! ብዙውን ጉበትና ጣፊያ ይለቅሙታል። ይህን ሳነብ አክስቴ ትዝ አሉኝ፤ ለካ ጥያቄያቸው የተመራማሪዎቹም ጥያቄ ነበር።

እና ቅንጣቱ ዕጢው ጋ መድረሱን ማየት ያስፈልጋል። ፌሩሞክሲቶል የሚባል ለደም ማነስ የሚሰጥ የብረት መድኃኒት አለ፤ እሱም ናኖ ቅንጣት ነው፣ በኤምአርአይ፣ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት በሚያነሳው መሣሪያ፣ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ለጥቂት ታማሚዎች መጀመሪያ ብረቱን ሰጥተው በኤምአርአይ አዩ፣ ከዚያ በናኖ ከረጢት ያለ የካንሰር መድኃኒት አስከተሉ። ብረቱ በብዛት የገባባቸው ዕጢዎች የበለጠ ተኮማተሩ። ብረቱ እንደ ቃፊር ቀድሞ ገብቶ መንገዱን አሳየ ማለት ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ግን መድኃኒቱ የማይደርስለትን ሰው ከጅምሩ መለየት ከተቻለ፣ ያ ሰው የስንት ወር ከንቱ ስቃይ ይቀርለታል!

አክስቴ ዛሬ እዚህ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ፣ ያኔ ዝም ያልኩት መልስ ስላልነበረኝ ነው። አሁን፣ በከፊልም ቢሆን፣ ነገርኩዎት።