የሴራሚክ ካፓሲተር ድብቅ ኢንዳክታንስ፦ እንዴት እንገምተው?

ሰላም ነው? ዛሬ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ።

አይሲ (ቺፕ) ባለበት ሁሉ የፓወር ፒኑ አጠገብ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ጣል እናደርጋለን። ጥሩ ነው። ግን ያ ካፓሲተር እስከ ስንት ሜጋኸርዝ ድረስ ነው እንደ ካፓሲተር የሚሠራው?

(ስክሪን ላይ፦ የኢምፒዳንስ ግራፍ)

ይቺን መስመር ተመልከቱ። ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ለተለዋዋጭ ከረንት ያለው ተቃውሞ፣ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ አንድ ቦታ ደርሶ ሽቅብ ይመለሳል። መታጠፊያዋ ሬዞናንስ ናት፣ ከእሷ ወዲያ በእጃችሁ ያለው የከረንትን ለውጥ የሚቃወም ኢንዳክተር ነው። ጠቅላላ ኢንዳክታንሱ 1 ናኖሄንሪ ቢሆን፣ 100 ናኖፋራዱ 16 ሜጋኸርዝ ገደማ ላይ ሬዞናንስ ይመታል። 100 ሜጋኸርዝ ላይ ስትደርሱ 0.6 ኦም አካባቢ ታገኛላችሁ፣ እና ካፓሲተሩን በ1 ማይክሮፋራድ ብትቀይሩትም ያው 0.6 ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ወሳኙ ኢንዳክታንሱ ነው።

ታዲያ ይሄን የኢንዳክታንስ ቁጥር ከየት እናምጣው? ብዙ ሰው ዳታሺት (የአምራቹን የመረጃ ወረቀት) ይከፍታል። እኔ ግን አጥብቄ የምለው፣ ኢንዳክታንስ የካፓሲተሩ ብቻ አይደለም፤ ከረንቱ ዞሮ የሚመለስበት የሉፑ ነው። ከፒኑ ይነሳል፣ በትሬስ (በቦርዱ የመዳብ መስመር) ይሄዳል፣ ካፓሲተሩን ያልፋል፣ በቪያ (ሌየሮቹን በሚያገናኘው ቀዳዳ) ይወርዳል፣ በግራውንድ ፕሌኑ (በሰፊው የመዳብ ሌየር) ይመለሳል። ይሄ ሁሉ ሉፕ የከበበው ቦታ በሰፋ ቁጥር ኢንዳክታንሱም ያድጋል።

(ስክሪን ላይ፦ ቦርዱ በጎን ተቆርጦ)

አሁን እናስላ። የካፓሲተሩን ርዝመት ከፕሌኑ በላይ ባለው ከፍታ አባዙት፣ በወርዱ አካፍሉት፣ ውጤቱን በ1.26 አባዙት። ልኮቹ በሚሊሜትር ከሆኑ መልሱ በናኖሄንሪ ይወጣል። 0603 የሚባለው የካፓሲተር መጠን ርዝመቱ 1.6፣ ወርዱ 0.8 ሚሊሜትር ነው። ከፍታው 0.5 ቢሆን 1.26 ናኖሄንሪ። ፕሌኑን አቅርባችሁ ከፍታውን 0.2 ብታደርጉት ወደ 0.5 ትወርዳላችሁ! ካፓሲተሩን ሳትነኩ፣ የቦርዱን ሌየር ብቻ በማስተካከል።

ከፍታ ስል ታዲያ የቦርዱን ውፍረት ብቻ አይደለም። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ከረንቱ የሚያዘነብለው በካፓሲተሩ የታችኛው ኤሌክትሮድ በኩል ነው፣ ስለዚህ ከኤሌክትሮዱ በታች ያለው ሴራሚክ እና ብየዳውም ይቆጠራሉ። ቀመሩ በጎን የሚበተነውን ፊልድ ስለማይቆጥር አብዝቶ ይገምታል። ለዲዛይን ይሄ ይሻላል፣ ከማሳነስ ማብዛት።

ወርድ አካፋይ መሆኑን ልብ ብላችኋል? ለዚህ ነው በረጅሙ ጎናቸው የሚበየዱ ካፓሲተሮች፣ ለምሳሌ 0306፣ ያሉት። ርዝመቱ በግማሽ ያንሳል፣ ወርዱ እጥፍ ይሆናል፣ በቀመሩ ኢንዳክታንሱ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ከዚያ ቪያ። 1.6 ሚሊሜትር ቦርድን ከላይ እስከ ታች የሚወጋ ቀጭን ቪያ ለብቻው ከ1 ናኖሄንሪ ይበልጣል። ሁለቱን ቪያዎች ካቀራረባችኋቸው ግን ከረንታቸው ተቃራኒ ስለሆነ ፊልዳቸው ይጣፋል። ስለዚህ ካፓሲተሩ ከሚበየድበት ፓድ ጫፍ ትሬስ ስባችሁ ሩቅ ከማውረድ በፓዱ ጎን፣ እርስ በርስ አጠገብ አድርጓቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ቦርድ ላይ ካፓሲተሩን ከመቀየር ይልቅ ቪያውን ማንቀሳቀስ የበለጠ ይጠቅማል።

መለካት ለሚፈልግ፣ ኔትወርክ አናላይዘር (ሲግናል ልኮ ምን ያህሉ እንደሚያልፍ የሚለካ መሣሪያ) ያስፈልጋል። ካፓሲተሩን ከሲግናል መስመሩ ወደ ግራውንድ አስገቡትና በሁለቱ ፖርቶች መካከል የሚያልፈውን ሲግናል እዩ። 50 ኦም ሲስተም ላይ 100 ሜጋኸርዝ ላይ 40 ዲቢ ከቀነሰ (ቮልቴጁ ወደ መቶኛ ከወረደ)፣ ኢምፒዳንሱ 0.25 ኦም ነው፣ ኢንዳክታንሱ ደግሞ 0.4 ናኖሄንሪ። የምታነቡት ሽቅብ ከሚወጣው መስመር ላይ ይሁን፣ ከሬዞናንሱ ነጥብ አይደለም፤ ምክንያቱም ኤክስ7አር የሚባለው የሴራሚክ ዓይነት ዲሲ ቮልቴጅ ሲያርፍበት ካፓሲታንሱ ስለሚቀንስ ነጥቧ ትንሸራተታለች። እና ስትለኩ በራሳችሁ ቦርድ፣ በራሳችሁ ፓድና ቪያ ላይ በይዳችሁ ለኩ፤ በሌላ ቦርድ ላይ የተለካ ቁጥር የዚያ ቦርድ ሉፕ ነው።